ከታደለ ጃኬት ያልወጣ ጭስ

ሰው ሲያረጅ ዓይኑ ይደክማል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። እኔን ሁለቱም ከድተውኛል፤ አፍንጫዬ ግን እስከ ዛሬ አገልግሎቱን አላቋረጠም። ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቄ ተቀምጬ፣ አንድ የቆዳ ጃኬት ገና በሩን ሲያልፍ ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ መናገር እችላለሁ። የሹፌር ከሆነ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ የሥጋ ሻጭ ከሆነ ሞራ ሞራ ይላል። የሚያጨስ ሰው ከሆነ ደግሞ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል። ጨርቅ ላይ ያረፈ የሲጋራ ጭስ በሳሙና ይሄዳል። ቆዳ ግን ትናንት የበግ ወይም የፍየል ገላ የነበረ ነገር ነው፤ ቀዳዳ አለው፣ ይጠጣል። ጭሱ ከላይ የሚያጣብቅ ቢጫ ነገር ያለብሰዋል፣ አቧራ ይሰበስብበታል፣ አንገቱንና የእጅጌውን ጫፍ ያጠቁረዋል፤ ከዚያ ገበሩ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ይህን የምነግራችሁ ሙያዬን ለማወደስ አይደለም። በዚሁ አፍንጫዬ ሰበብ የመጣብኝ ድንጋጤ እስካሁን ስላልለቀቀኝ ነው።

የዛሬ ጥቂት ወር ከድር ሱቄ መጣ። ከድር ምናለሽ ተራ አሮጌ ልብስ ይነግዳል። «ልዋጭ» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ሰዎች በፕላስቲክ ዕቃ ለውጠው ያመጡትን ይቀበላቸዋል፤ ቆዳ ሲገኝበት ለእኔ አምጥቶ ያስጸዳል። የዚያን ቀን ሦስት ጃኬት ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ።

«ጋሼ መኮንን፣ ሁለቱ ቀላል ናቸው። ይቺኛዋ ግን ጉድ ናት። ሰቅዬያት ደንበኛ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወጣ» አለኝ።

«ሽቶ ረጭተህባታል።»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ካልከኝ ጠርሙሱን ጨርሰሃል።»

«ምን ላርግ ጋሼ፣ ቢዝነስ ነው። የዛሬ ልጆች አዲሱን ትተው የድሮውን ነው የሚሉት። ሽታዋን ብቻ ያጥፉልኝ፣ ሌላው የኔ ጣጣ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ጃኬቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳሸታት ከሽቶው ሥር ያ የጥንቱ ጭስ መጣ። በአንድ ጊዜ ልጅ ሆንኩ። ያን ጊዜ መርካቶ ጭስ የሌለበት ቦታ አልነበረም። አውቶቡስ ውስጥ ይጨሳል፣ ቢሮ ውስጥ ይጨሳል፣ ሐኪሙ ራሱ ሲጋራውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስደግፎ «አፍህን ክፈት» ይልሃል። ሲኒማ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም ስናይ ከኋላ የሚመጣው መብራት በጭሱ መሃል ሰማያዊ መንገድ ሠርቶ ያልፋል፤ እኔ ከተዋናዮቹ ይልቅ እሱን ሳይ ፊልሙ ያልቅብኛል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ሲጋራ ደረታቸው ላይ ሣጥን ያንጠለጠሉ ልጆች በነጠላ ይሸጣሉ። ጎረምሳው ሁሉ ጸጉሩን አጎፍሮ፣ ከታች የሚሰፋውን ሱሪ አስፋልቱን እያስጠረገ ማዕዘኑ ላይ ይቆማል። ከዘፈን ቤቱ የሚወጣው ዘፈን ግማሹን ሰፈር ያስጨፍራል። ዛሬ ያ ማዕዘን መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞበታል፤ ጥበቃው «አባባ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው» ይለኛል። ከእሱ ዕድሜ በላይ እዚያ ቆሜ ማሳለፌን ማን ይንገረው።

እኔ የቆዳ ሥራ የጀመርኩት ያኔ ነው፣ አንድ አርመን ዘንድ። ቆዳ የሚነካ ሰው ስሙ ጥሩ አልነበረም። እናታችን ዘመድ ሲጠይቃት «መኮንን ልብስ ሰፊ ሆኗል» ትል ነበር እንጂ ቆዳ የሚባል ቃል ከአፏ አይወጣም። ታላቅ ወንድሜ ታደለ ግን በሥራዬ ይኮራ ነበር። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጸሐፊ ሆኖ ያጠራቀመውን የስንት ወር ደመወዝ አምጥቶ ለአርመኑ ሰጠና አንድ ቡናማ ጃኬት አሠራ። ቀበቶ ያለው፣ ኮሌታው ሰፊ። ያን ለብሶ ከጭድ ተራ በታች ካለው ቤታችን ሲወጣ ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ያዩታል፤ እሱም መታየቱን እያወቀ ቀስ ብሎ ይራመዳል።

ጥፋቱ ማጨሱ ነበር። እናታችን ሲጋራ ካገኘችበት ሰማይ ትደፋበታለች። ስለዚህ አንድ ቀን ጃኬቱን ይዞልኝ መጣና «መኬ፣ እማማ የማትደርስበት ኪስ ሥራልኝ» አለኝ። የግራውን ገበር ፈትቼ፣ ከብብቱ ዝቅ ብሎ፣ ከእናታችን ካረጀ ባለ አረንጓዴ መስመር ቀሚስ ቀድጄ ኪስ ሰፋሁለት። ሲጋራውን በእናታችን ቀሚስ መደበቁ ሁለታችንንም ለአንድ ሳምንት አሳቀን። ታደለ ግራኝ ነበር፤ በግራው ነው የሚያጨሰው። እኔ በየጊዜው የግራ እጅጌውን ጫፍ በሳሙና እርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ፣ ቢጫውን እያየሁ እቆጣዋለሁ፤ እሱ ይስቃል።

ከዚያ ያ መጥፎ ጊዜ መጣ። ስለ እሱ ብዙ አላወራም፤ የኖረበት ያውቀዋል። ታደለ አንድ ጠዋት ጃኬቱን ለብሶ ሥራ እንደሄደ ቀረ። በዚያው ሳምንት ግድግዳ የምንጋራት የእትዬ ዘውዴ አንድያ ልጅ ዮናስም ከቤቱ ተወሰደ። የዮናስን መሞት ቆይተው ለእናቱ ነገሯት። የታደለን ግን ማንም ምንም አላለንም። እናታችን ስንት ዓመት በር በሩን ስታይ ኖራ፣ በመጨረሻ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። እሷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች፤ ለእኛ ተከተለችው ነበር የሚመስለን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው የከድርን ጃኬት መፍታት የጀመርኩት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ ቆዳ ጭስ ጭስ ሲላቸው ጉሎ ዘይት ይቀቡታል፤ ዘይቱ ሽታውን ውስጥ ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ሌላው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ይሰነጣጠቃል። ሌላው ቤንዚን ያስነካዋል፣ ቀለሙ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ገበሩን ፈትቼ ለብቻው አጥባለሁ፣ ትልቁ ጭስ የሚኖረው እዚያ ነውና። ቆዳውን ለብ ባለ ሳሙናማ ውሃ በረጠበ ነጭ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ውሃ በበዛበት አቼቶ እጠርገዋለሁ። ከሰል በጨርቅ ቋጥሬ ውስጡ አንጠልጥዬ፣ ነፋስ ባለው ጥላ ለቀናት እሰቅለዋለሁ። ቅባት መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ስስ።

የቀኙን ገበር ፈታሁ። የግራውን ፈታሁና እጄን ስሰድ ጣቴ ኪስ ውስጥ ገባ። ገልብጬ ሳየው አረንጓዴ መስመር ያለው ጨርቅ ነው።

ክው አልኩ። ምላጩ ከእጄ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። መስመሩ ደብዝዟል፣ ጨርቁ ቢጫ ሆኗል፣ ግን የእናቴን ቀሚስ እንዴት አላውቀውም? ስፌቱ የእኔ የጀማሪው ስፌት ነው፤ ማዕዘኑ ላይ መታጠፍ አቅቶት የተንጋደደው ሳይቀር። ቀኑን ሙሉ ቀለሙ ጠቁሮ፣ ቀበቶው ጠፍቶ፣ ቁልፎቹ ተቀይረው ፊቴ የተቀመጠውን ጃኬት አላወቅሁትም ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት ከሟች ላይ ገፈው የወሰዱትን ነው። አንዱ ዘበኛ፣ አንዱ ወታደር ከላዩ አውልቆ ሸጦት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ይሆናል አልኩ። ነጩን ጨርቅ አረጠብኩና የግራ እጅጌውን ጫፍ ጠረግሁ። ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ተነሳ። ያረጀ ጭስ እንዲህ አይለቅም፤ ደርቆ ከቆዳው ጋር አንድ ይሆናል። ይሄ የቅርብ ጊዜ ነው፣ የወራት። የቀኙን እጅጌ ጠረግሁ፤ ጨርቁ አቧራ እንጂ ቢጫ አላመጣም። በግራው የሚያጨስ ሰው፣ በቅርቡ፣ ይህን ጃኬት ለብሶ ነበር።

ከድርን ደወልኩለት። ድምፄን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ መጣ።

«ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ይህን ጃኬት ከየት አመጣኸው?»

«የተሰረቀ ነው እንዴ? ወላሂ እኔ በንጹህ ገንዘቤ ነው የገዛሁት።»

«ማንም ሌባ አላለህም። ከየት ነው?»

ጃኬቱን ለውጦ ላመጣለት ሰውዬ ደወለ። ሰውዬው አሰበ፣ አሰበና ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ውሃ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት በትልቅ ሳፋ ለወጠችኝ አለ። በአንድ ሳፋ። አርመኑ ዓይኑን አጥብቦ የቆረጠው፣ ወንድሜ ስንት ወር ሻይ ሳይጠጣ ያሠራው ጃኬት በፕላስቲክ ሳፋ።

ከአማኑኤል እኔ ሱቅ ስንት መንገድ ነው? ሽማግሌ በከዘራ የሚሄደው። ከድር ታክሲ እንያዝ ሲለኝ እንኳ እምቢ አልኩና ሁለታችንም በእግራችን ሄድን፤ ጃኬቱን በፌስታል አድርጌ፣ ፈትቼ የተውኩትን ገበር ከላዩ አድርጌ። በመንገዴ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለው፤ በሩን የሚከፍትልኝ ግራኝ ሽማግሌ ይሁን። አንድ ጊዜ ብቻ በጥፊ እመታዋለሁ፣ ከዚያ አቅፈዋለሁ። ቅደም ተከተሉን ሳይቀር ወስኜ ነበር።

በሩን የከፈተችው ጥቁር የለበሰች፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ጥቁሩን ሳይ ነገሩ ገባኝ። እሷ ግን ፊቷ በርቶ፦

«ጋሼ መኮንን! እርስዎ ነዎት? በምን አገኙን? ግቡ፣ ግቡ» አለች።

ደግሜ ክው አልኩ። «ታውቂኛለሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«እንዴት አላውቅዎትም? ሐና ነኝ። ከተማሪነቴ ጀምሮ የቆዳ ቅባት የምገዛዎት። ለአባቴ ጃኬት።»

ሳያት፣ ሳያት፣ ከዚያች ሴት ውስጥ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰች ዝምተኛ ልጅ ቀስ ብላ ወጣች። በየጥቂት ወሩ ባዶ ቆርቆሮዋን ይዛ የምትመጣ ልጅ ነበረች። የማን ልጅ ነሽ ስላት «አባቴ ነው የላከኝ» የምትል። ስታድግም መምጣቷን አልተወችም፤ ደንበኛ ብዙ ነውና ልብ አላልኳትም።

ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ በጥቁር ጨርቅ የተከበበ ፎቶ ተሰቅሏል። ጸጉሩ አልቋል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ግን የእናቴ ቅንድብ ነው፣ የእኔ ጆሮ ነው። ሥሩ «ኃይሉ» ተብሎ ተጽፏል። ታደለ የሚል የለም። የቆምኩበት ቦታ ላይ እንደ ሕጻን አለቀስኩ። ከድር ያዘኝ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ውሃ አመጣች።

ስረጋጋ ኪሱን አሳየኋት፣ የማን ቀሚስ እንደሆነ፣ ማን እንደሰፋው ነገርኳት። ኃይሉ የምትለው አባቷ ወንድሜ ታደለ መሆኑን ስነግራት መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ዘመድ የለኝም ነበር የሚለን» አለች በመጨረሻ። «እናቴም ይህንኑ ነው የምታውቀው፣ ነፍሷን ይማር። ሲታመም ብቻ አንድ ቀን ነገረኝ። ‹በጉብዝናዬ አስረው ሲደበድቡኝ የአንድ ልጅ ስም ጠራሁ። የጎረቤታችን ልጅ ነበር። እኔን ለቀቁኝ፣ እሱን ገደሉት። እናቱና እናቴ አንድ ግድግዳ ነው የሚጋሩት፤ በየትኛው ዓይኔ ያን በር አልፋለሁ?› አለኝ። የት እንደሆነ ስጠይቀው ፊቱን አዞረ።»

ዮናስ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁለቱን ነገር አገናኝቼ አላውቅም፤ ሁለት ልጆች በአንድ ሳምንት ጠፉ ነው የምንለው። ስለ ወንድሜ መናደድ ወይም ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ የእትዬ ዘውዴ ፊት ነው። የታደለን ለቅሶ ስንቀመጥ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ «ከሁለቱ አንዱ እንኳ ተመልሶ ቢሆን እኮ ለሁለታችንም በበቃን ነበር» ያለችው። የልጇን ስም ማን እንደጠራ ታውቅ ይሆን፣ አላውቅም። ብታውቅም ግን በር የምትዘጋ ሴት አልነበረችም፤ ይህን መስቀል ጨብጬ እናገራለሁ። ከሞተች ደግሞ ስንት ዘመኗ። ወንድሜ የሚሸሻት ሴትዮ በሕይወት አልነበረችም፤ እሱ ግን ሸሽቶ ይኖር ነበር፣ በእግር በሚደረስበት ሰፈር። ይህን ለሐና ስነግራት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ጃኬቱን በመስጠቴ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እስከ መጨረሻው ከላዩ አላወለቀውም። ከሞተ በኋላ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ልጄን ያስላታል። እኔም በሸተተኝ ቁጥር አሁን የሚገባ እየመሰለኝ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ ከዓይኔ ላርቀው ብዬ ነው። ወዲያው ጸጸተኝ።»

«ይኸው፣ ጃኬቱ ተመልሶልሻል» አለ ከድር ቀስ ብሎ። ፌስታሉን አንስቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ ጃኬት ሊያገኝ ያሰበውን ትርፍ አላነሳም፤ እስካሁንም አላነሳውም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። «ልጄ፣ የቆዳ ቅባት እዚህ አማኑኤልም አለ፣ የትም አለ። ለምን እኔ ዘንድ ይልክሽ ነበር?»

«እኔም ጠይቄው አውቃለሁ። የእሱ ይሻላል ይለኛል። አንድ ሁለቴ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ግርግር አልወድም ብሎ ከሱቅዎ ማዶ፣ ከታክሲ መቆሚያው ጋ ቆሞ ያጨሳል፣ እኔ ገዝቼ እመለሳለሁ።»

ማዶ። ከሱቄ በር እስከ ታክሲ መቆሚያው ድረስ ድምፅ ከፍ ካደረግህ ሰው ይሰማሃል። ተቀምጬ ያን ሁሉ ዓመት ወደዚያ ነው የምመለከተው፤ ፊት ለፊቴ ነው።

ሐና ጃኬቱን እየዳበሰች ቀጠለች። «ስመለስ ሁልጊዜ እዚህ ወንበር ላይ ያስቀምጠኝና ‹ሰውዬው ምን አለሽ?› ይለኛል። እኔም እርስዎ ያሉኝን አንድ ሳላስቀር እነግረዋለሁ። ‹ፀሐይ ላይ እንዳያሰጣው ንገሪው ብለዋል› እለዋለሁ። ‹ጃኬቱን ሳይጠርግ ቅባት እንዳይቀባው፣ ጭሱን ይዘጋበታል ብለዋል› እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ‹አባትሽ ወይ ሲጋራውን ይተው ወይ ጃኬቱን› ብለውኝ ያንን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ፣ ደጋግሜ አስነገረኝ። ከዚያ ‹ሌላስ?› ይለኛል።»

«አንቺስ ምን ትዪዋለሽ?»

«‹ሌላ ምንም አላሉም› እለዋለሁ።»

እውነቷን ነው። ሌላ ምንም አላልኩም።